የሐሙሷ ሐሊማ

እትዬ ሐሊማ ማረፋቸውን የሰማሁት ጎንደር ገበያ ላይ ድንገት ካገኘሁት፣ ከሱዳን ገዳሪፍ ከመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ስለ አገሩ ሰው አንድ በአንድ ስጠይቀው፣ እርሱም «ደኅና ነው፣ ደኅና ናት» እያለ ሲመልስልኝ ቆየን። «የሐሙሷስ?» ስለው ግን የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ።

«አልሰማህም እንዴ?» አለኝ። «ከረመዳን በፊት አረፉ እኮ። አላህ ይማራቸው።»

ከጎኑ በተቀመጠው የጨርቅ እስር ላይ ቁጭ አልኩ። «ለቅሶው እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ሻይ የሚሸጡት ሴቶቻችን በሙሉ ምድጃቸውን አጥፍተው ለቅሶ ተቀመጡ። በዚያን ቀን ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚገኝ አልነበረም። ሱዳኖቹ ሳይቀሩ ‹ምን ሆናችሁ?› እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ» አለኝ።

ሐሊማ ይባሉ እንጂ የሚያውቃቸው አበሻ ሁሉ «የሐሙሷ» ነበር የሚላቸው። ይህን ስም ያወጣላቸው ራዲዮ ነው። ራዲዮ ውስጥ ያስገባኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ማለት፣ በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የገቡትስ በራሳቸው ነው።

ያን ጊዜ ካሴት ገና አልጠፋም፤ ሞባይልም በየሰው ኪስ አልገባም። ገዳሪፍ ውስጥ ያለች ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት በአማርኛ ታስተላልፍ ነበር። ለከተማው አበሻና ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሚወርደው ሠራተኛ ተብሎ የተከፈተ ዝግጅት ነው። እኔ እዚያው ያደግሁ በመሆኔ አማርኛውንም አረብኛውንም እችል ነበርና አንባቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማነበው ስለ ወባ፣ ስለ ካላዛር፣ ስለ ክትባትና ስለ ጠፋ ሰው ነበር። የምናገረው ሁሉ አስቀድሞ ወደ አረብኛ ተተርጉሞ ለሙዲሩ፣ ለጣቢያው ኃላፊ፣ ይቀርባል።

አንድ ቀን ሙዲሩ ጠራኝና፣ «የጤና ቢሮ ሰዎች ስለ ወሊድ ወንድ ሲያነብ ደስ አላላቸውም። ድምፀ መልካም ሴት ፈልግ» አለኝ።

ፈለግሁ። ድምፀ መልካሞቹን አባቶቻቸው ከለከሏቸው፤ ያልተከለከሉት ፈሩ። በመጨረሻ አንድ ጎረቤታችን፣ «የጨርቅ ነጋዴዋን ሐሊማን ለምን አትሞክርም? እሳቸውን የሚከለክላቸው የለም፤ ባላቸው ሞተዋል» አለኝ።

እትዬ ሐሊማ የጎንደር እስላም ናቸው። ከባላቸው ጋር የመጡት በልጅነታቸው ነው። ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን እርሳቸው ያዙ። የሚሸጡት የሱዳን ሴቶች ከላይ የሚጠመጠሙትን ቶብ ነበር፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በቶብ ተሞልቷል። ድምፃቸውን ስሰማ ግን ተስፋ ቆረጥኩ። ጠጠር ላይ የሚጎተት ጆንያ ነው የሚመስለው።

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። እያጠፉት የነበረውን ቶብ ሳይለቁ አደመጡኝ።

«ማን ነው የሚሰማው?» አሉኝ።

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ማለት እኮ ማንም ማለት ነው። አንድ ስም ጥራልኝ። ሐሙስ ሐሙስ ቁጭ ብላ አንተን የምትሰማ አንዲት ሴት።»

አሰብኩ፤ የእናቴ ስም ብቻ መጣልኝ። ስነግራቸው ሳቁ።

«እናትህማ ብታስልም ትሰማሃለች። ሌላ።»

ሌላ አልነበረኝም። በሳምንቱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ «ተነሥ፣ ፋው እንሄዳለን» አሉኝ። ፋው ውኃ በቦይ የሚጠጣ ሰፊ እርሻ ያለበት ከተማ ነው፤ የእኛ ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ይሠራሉ። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር የዚያን ሳምንት ዝግጅቴን ቀድቼ ነው የሄድኩት። ሠራተኞቹ የሚያርፉበት ዛፍ ሥር ስንደርስ የራሴ ድምፅ ከራዲዮ እየወጣ ነበር። ራዲዮው ሠራተኞቹን የሚያዝዘው የወኪሉ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ወንዶቹ ሥሩ ጋደም ብለዋል። ሴቶቹ ራቅ ብለው ለሠራተኛው ምግብ ያበስላሉ።

እትዬ ሐሊማ ወደ ሴቶቹ ሄዱ። ከአንዲት ነፍሰ ጡር አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ።

«ይሄን ራዲዮ ትሰሚዋለሽ?»

«ራዲዮው የወንዶች ነው። እኛ የሚደርሰን ጩኸቱ ነው» አለች ሴቲቱ።

«ምን ቢልሽ ታዳምጪዋለሽ?»

ሴቲቱ ቢላዋዋን አቁማ አሰበች። «እኔን ቢጠይቀኝ» አለች።

ወደ ገዳሪፍ ተመልሰን ከመኪና ወርደን ልንለያይ ስንል እትዬ ሐሊማ፣ «ራዲዮው ውስጥ እገባለሁ» አሉኝ። «ግን ላነብ አይደለም።»

የመጀመሪያው ሐሙስ አይረሳኝም። የመስታወት አምባሮቻቸው ድምፅ እንዳያሰሙ አንድ በአንድ እያወለቁ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱ «እናቶች በአቅራቢያቸው በሚገኝ የጤና ተቋም ተገቢውን ክትትል እንዲያደርጉ ይመከራሉ» ይላል። አንድ ጊዜ አዩትና ገልብጠው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እንደሚጠሩ ሆነው ጀመሩ፦

«አንቺ ፋው ያለሽው፣ ሽንኩርት ስትልጪ ያገኘሁሽ። እግርሽ አብጦ አይቸዋለሁ። ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽን ጭልም ካለሽ፣ ዛሬውኑ ለወኪሉ ንገሪው። ሴት ነኝ አፍራለሁ አትበይ። ወኪል ሆይ፣ አንተም እየሰማህ ነው፤ ራዲዮው ያንተ አይደል? መኪና ስጣት።»

ሙዲሩ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ነበር። አማርኛ አይሰማም። «ምን አለች? ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው?» አለኝ።

«እርሱኑ ነው፤ በሌላ አነጋገር» አልኩት።

ሴቲቱ ሐኪም ቤት ደረሰች። ወኪሉ መኪናውን የሰጣት ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ ስላየው እንደሆነ በኋላ ሹፌሮች ነገሩን። ከዚያ ወዲያ የሐሙሷን ያልሰማ አበሻ አልነበረም። ጥያቄ በሹፌር፣ በመንገደኛ አፍ ይመጣል። ከመፋዛ፣ ከገላባት፣ ከከሰላ። እርሳቸው የጠያቂዋን ስም ይጠራሉ፤ ከዚያ መልሱን ሐኪምም ይሁን መምህር ከሚያውቀው ሰው አፍ ያመጡታል። «ስም የሌለው ጥያቄ ሜዳ ላይ የተጣለ ሕፃን ነው» ይሉ ነበር።

ጥያቄዎቹ ግን ከወሊድና ከወባ ብቻ ሆነው አልቀሩም።

ገዳሪፍ ያለ አበሻ የራሱ ማኅበር አለው፤ በአረብኛው ጃሊያ እንለዋለን። ጃሊያው ሰው ሲሞት አስከሬን ይሸኛል፤ ሲጣሉ ያስታርቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፖሊስ አንዱን የያዘ እንደሆነ፣ «የእኛ ሰው ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጽፋል። ያ ወረቀት ከሌለ መውጫው ሩቅ ነው። ጃሊያውን የሚመራ ኮሚቴ በምርጫ ይመረጣል፤ የሚመርጠው ግን መታወቂያ ያለው ነው፤ መታወቂያው የሚሰጠው ደግሞ ለአባወራ ነው። ባል የሌላት ሴት፣ ከአገሯ ብቻዋን የመጣች ሴት፣ ለጃሊያው የለችም።

ትርንጎ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከአርማጭሆ የመጣች፣ ገበያ መሐል ሻይ የምትሸጥ። አንድ ቀን ፖሊስ የመንገድ ነጋዴዎችን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከሻ ይሉታል። የእኛ ወንዶች በማግስቱ በጃሊያው ወረቀት ወጡ። ትርንጎን ግን የሚያውቃት ስላልነበረ ወሩ እስኪጋመስ እዚያው ቀረች። ስትወጣ ሻይ ማፍያዋም ብርጭቆዎቿም የሉም። ቀጥታ ወደ እትዬ ሐሊማ ሱቅ መጣች፤ ከዚያ በፊት የምታውቀው ድምፃቸውን ብቻ ነበር።

«ራዲዮ ላይ ይሄን ትናገሪዋለሽ?» አሏት እትዬ ሐሊማ፣ ሰምተዋት ሲጨርሱ።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ስሟ ባይጠራ አይሻልም? ሌላ ስም እንስጣት።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ግን ቃሏ አይንቀጠቀጥም። «ወንድሜ፣ እስር ቤት ያቆየኝ እኮ ስሜን የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ነው» አለችኝ።

እትዬ ሐሊማ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቋት፦ «ስለ ፖሊሱ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። እሱን አንችለውም። የእኛ ጥያቄ ከራሳችን ሰዎች ጋር ነው።»

ሙዲሩ ስለ ምን እንደሚወራ ሲጠይቃቸው፣ «ስለ ሻይ» አሉት። ሳቀና አለፈ።

ትርንጎ ተናገረች። አላለቀሰችም፤ ማንንም አልሰደበችም። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ አገሯን ተናገረችና፣ «ጃሊያው የማን ነው? የእኔም ከሆነ ንገሩኝ። ካልሆነም ንገሩኝና ልወቀው» አለች።

በማግስቱ የጃሊያው ሊቀ መንበር አያ ደሳለኝ እትዬ ሐሊማ ሱቅ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የስንቱን አስከሬን ከእርሻ ላይ አንሥተው፣ በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው መተማ ድረስ ሸኝተዋል። በዚያ ቀን ግን ሰላምታም ሳይሰጡ ነው የጀመሩት።

«ሐሊማ፣ በአደባባይ አዋረድሽኝ። ሴቶቹ መቼ መጥተው ጠየቁን? አንድም ቀን! ዝም ብለው ኖረው ዛሬ በራዲዮ ይከሱናል?»

«አያ ደሳለኝ፣ ያልጠየቁትን ሰው ዝም አለ አይሉትም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እናንተስ መቼ ጠየቃችኋቸው ማለቴ ነው። ይልቅ ሐሙስ ይምጡና እርስዎም ይናገሩ። ራዲዮው የኔ አይደለም።»

መጡ። ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው። እትዬ ሐሊማ ትርንጎን ከጎናቸው አስቀመጧት። ከተማው ሁሉ እየሰማ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«አያ ደሳለኝ፣ ትርንጎን ያውቋታል?»

«ድምጿን ሰማሁ እንጂ አላውቃትም።»

«አጠገብዎ ያለችው ናት። የምትጠይቅዎ አላት።»

ማይክሮፎኑን በጣታቸው ወደ ትርንጎ ገፉት።

«አባቴ» አለች ትርንጎ፣ «ሰው ሲሞት እስከ መተማ ትሸኛላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። እኔ እዚያ እስር ቤት ብሞት ኖሮ ትመጡልኝ ነበር?»

«እንዴታ! እንዴት እንቀራለን?»

«ታዲያ በቁሜ ሳለሁ ምነው ቀራችሁ?»

ራዲዮ ዝምታ አይወድም። ሙዲሩ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሮጦ መጣ። እኔ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት እትዬ ሐሊማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። አያ ደሳለኝ ወደ መሬት ያያሉ። በመጨረሻ፣ «መልስ የለኝም፣ ልጄ» አሉ።

እትዬ ሐሊማ ሰውየውን በዚያ ሁኔታ አልተዉአቸውም። ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «አያ ደሳለኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱን። በጃሊያው ሕግ ላይ ሴት አትምረጥ የሚል አለ?» አሏቸው።

«አትምረጥ የሚል የለም። ትምረጥ የሚልም የለም» አሉ አያ ደሳለኝ፤ ሰውየው እውነት ተናጋሪ ናቸው።

«አትምረጥ የሚል ከሌለ ይበቃናል። እኅቶቼ፣ ከሊቀ መንበሩ አፍ ሰምታችኋል።»

ያን ሳምንት ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ምርጫው ቀርቦ ነበርና አንዳንዱ «ሴት ገብታ ምን ልታደርግ ነው?» ይላል፤ አንዳንዱ «ብትገባስ?» ይላል። ከኮሚቴው አንዱ ይሁን ሌላ ሰው፣ ማን ለሙዲሩ እንደነገረባቸው አላወቅንም፤ በቀጣዩ ሐሙስ ሙዲሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ሐጃ፣ ይሄ ሲያሳ ነው። ፖለቲካ! እኔ ያመጣሁሽ ስለ ነፍሰ ጡሮች ነው» አላቸው።

«የሚናገሩት እኮ ነፍሰ ጡሮቹ ናቸው» አሉት በአረብኛቸው።

ሙዲሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ልጆች አሉኝ፣ ሐጃ። ምርጫችሁ እስኪያልፍ አትምጪ።»

አልተከራከሩትም። አምባሮቻቸውን እንዳጠለቁ ተመለሱ። እኔ ብቻዬን ገብቼ ስለ ወባ አነበብኩ። ዓረፍተ ነገሩ አላልቅ አለኝ።

ዝግጅቱ እንዳለቀ ሱቃቸው ስሄድ አዝነው ይሆናል ብዬ ነበር። መሰላል ላይ ወጥተው ቶብ ያወርዳሉ።

«ጌትነት፣ ያች የመቅጃህ መሣሪያ ያንተ ናት ወይስ የጣቢያው?» አሉኝ።

«የኔ ናት።»

«እሰየው። ሹፌሮቹ መኪናቸው ውስጥ የሚያጫውቱት ምንድን ነው?»

«ካሴት ነዋ፣ ዘፈን።»

«እንግዲህ እኛም እንዝፈን።»

ቀትር ላይ ሙቀቱ ገበያውን ያዘጋዋል፤ ሱዳኖቹ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። በዚያ ሰዓት የሱቁን በር ገርበብ እናደርጋለን። ቶቡ ከግራና ቀኝ የውጭውን ድምፅ ስለሚውጠው ከጣቢያው ክፍል ይልቅ ይመች ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ። እትዬ ሐሊማ የሚጠይቋቸው ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታና ከጃሊያው የሚፈልጉትን ብቻ ነው።

«አስካለ እባላለሁ። ያለሁት መፋዛ ነው። ሴት ስትታሰር ሴት ሄዳ እንድትጠይቃት ነው የምፈልገው።»

«ስሜ ከድጃ ነው። ገላባት ነኝ። ልጄን ስወልድ የአባት ስም ካላመጣሽ ወረቀት አንጽፍልሽም አሉኝ። ያ ሰው ጠፍቷል። እኔ አለሁ። በኔ ስም ጻፉልኝ።»

አንዲት ሴት ደግሞ መጥታ ተቀመጠችና ስሟን ተናግራ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋት። ጉንጯ ላይ እንባ ሲወርድ ካሴቱ ይዞራል። ላቆመው ስል እትዬ ሐሊማ እጄን ያዙኝ። ሴቲቱ ወጥታ ከሄደች በኋላ፣ «ይሄም ይሂድ» አሉኝ። «ስሟን ተናግራለች።»

ካሴቶቹን ለሹፌሮች ሰጠናቸው። አንዱ ፈርቶ መለሰልን፤ ሌላው ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ነጥቆ እንደሰበረበት ነገረን። አብዛኞቹ ግን አጫወቱት። ከፋው የሚመጣ አንድ ሹፌር፣ «ሰዎቹ ዘፈን አጥፋና የሴቶቹን አምጣ ይሉኛል። እንዲያውም አንዱ የእኅቱን ድምፅ ሰምቶ አለቀሰ፤ ሞታለች ብሎ ነበር» አለን። እትዬ ሐሊማ ይህን ሲሰሙ ሌላ ባዶ ካሴት አምጣ አሉኝ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። የጃሊያው አዳራሽ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። ረፋዱ ላይ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። የከተማዎቹ በእግራቸው፣ የፋውና የመፋዛዎቹ በሎሪ ላይ ቆመው፣ አቧራ ለብሰው። በሩ ላይ ያሉት ወጣቶች፣ «መታወቂያ! መታወቂያ የሌለው አይገባም!» እያሉ ገፏቸው። ሴቶቹ አልተመለሱም፤ አልጮኹምም። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ግፊያው ሊጀመር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

አያ ደሳለኝ ከውስጥ ወጡ። ከፊት የነበረችው ከድጃ ናት። ጠጋ ብላ፣ «አባቴ፣ አትምረጥ የሚል የለም ብለዋል። በራዲዮ» አለቻቸው።

ከበሩ ወጣቶች አንዱ፣ «ያ ለወሬ የተባለ ነው! ሕጉ አባወራ ነው የሚለው!» አለ።

አያ ደሳለኝ መሐረማቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ወደ ውስጥ ዞረው የኮሚቴ ጓደኞቻቸውን አዩ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። እኔ ከእትዬ ሐሊማ ጋር ከሕዝቡ ጀርባ ነበርኩ፤ እጃቸው የእኔን ክንድ አጥብቆ ይዞ ነበር።

«ብያለሁ» አሉ አያ ደሳለኝ። «አገር የሰማውን አልክድም። ብያለሁ።» ከበሩም ገለል አሉ።

ሴቶቹ ገቡ። ለእጩነት መጀመሪያ የተጠራው ስም የእትዬ ሐሊማ ነበር፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተነሡና እልልታው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«እኔን አትምረጡ» አሉ። «እኔን ፖሊስ አይይዘኝም፤ ለሚስቱ ቶብ የምሸጥለት እኔ ነኝ። የሚይዛትን ምረጡ። መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ትርንጎ ተመረጠች። ከተመረጡት የመጨረሻዋ ነበረች፣ ለጥቂት። ለእርሷ ከተነሡት እጆች መካከል የወንዶችም ነበሩበት፤ የአያ ደሳለኝ አንዱ ነው። ሌላዋ እጩ ከድጃ ወደቀች። በቀጣዩ ከሻ ትርንጎ የጃሊያውን ወረቀት ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መጀመሪያ ከበር መለሷት። እርሷ ግን በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ሴቶቹን አስፈትታ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የተጠየቀው ከእትዬ ሐሊማ ነው። ሱቁ በወረቀት የተመዘገበው በባላቸው ወንድም ስም ኖሯል። ሰውየው ለዓመታት ምንም ሳይል ኖሮ፣ ካሴቶቹ ከተሰሙ በኋላ መጣ። «የወንድሜ ሚስት ስም በየሎሪው ሲዞር አላይም» አለ፤ ሱቁንም ወሰደ። እትዬ ሐሊማ ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው ቤት ለቤት መሸጥ ጀመሩ።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያየው ያው የጃሊያው ኮሚቴ ነበር። «ለምን አይከሱትም? ትርንጎ እኮ እዚያ አለች» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው የማልከስ» አሉኝ። «ገና ወንበሩ አልሞቀላትም። የመጀመሪያ ፍርዷ ለኔ ከሆነ፣ ያኔውኑ ለዚህ ነው የገባችው ይሏታል።»

«መብትዎ ነው እኮ!»

«ነዋ። መብቴን ተውኩ አላልኩህም። ዛሬ አላነሣውም ነው ያልኩህ።»

ነገም አላነሡትም። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። ሰው ለሌላው የከፈተውን በር ለራሱ ሲዘጋ ማየት ያማል። ግን በዚያ ሙቀት፣ ጨርቁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወሩ ሲሄዱ፣ ሴቶቹ ከየበሩ «የሐሙሷ! የሐሙሷ!» እያሉ ሲጠሯቸው ተመልክቻለሁ። የሚያሳዝን ፊት አልነበረም ፊታቸው። ይህን ከቁጭቴ ጋር እንዴት እንደማስታርቀው አላውቅም።

ምርጫው ካለፈ በኋላ ሙዲሩ ራሱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መለሳቸው። ጥቂት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ሲናገሩ ቆዩ። ከዚያ የአማርኛው ዝግጅት ምክንያቱ ሳይነገረን ተዘጋ። እኔም ወደ ጎንደር ተመለስኩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ለአንድ ጉዳይ ገዳሪፍ ወርጄ ነው። ልባቸውን ታመው ያገባች ልጃቸው ቤት ተኝተዋል አሉኝና ሄድኩ። በሩን ሳልደርስ ጩኸት ሰማሁ። አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ሮጬ ገባሁ። ክፍሉ በሴቶች ተሞልቷል። እትዬ ሐሊማ አልጋው ላይ ናቸው፤ ከስተው አልጋው ሰፍቷቸዋል። የጃሊያው ምርጫ ደርሶ ኖሮ፣ ሴቶቹ የሚከራከሩት ትርንጎ ዳግም ትመረጥ አትመረጥ ብለው ነው።

«ወንበሩን ለመደችው!» ትላለች አንዷ። «ስልክ ስንደውልላት አታነሣም!»

«ዝም በይልኝ፤ አንቺን ከእስር ያወጣሽ ማን ሆነና?» ትላለች ሌላዋ።

እዚያ ያደገች አንዲት ወጣት አረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ «ያ ጀማዓ፣ ሰዎች፣ ተራ በተራ ተናገሩ!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ትርንጎ ራሷ፣ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ጥግ ላይ ቆማ፣ «ስልኬ ተበላሽቶ ነው! ደግሞስ ለመድሽ ካላችሁኝ እናንተ ኑና ለምዱታ!» እያለች ትመልሳለች።

እትዬ ሐሊማ ዓይናቸው ተከድኗል። የሚተነፍሱት በድካም ነው። የታመመ ሰው ፊት ይህ ነገር ነውር መስሎኝ ተነሣሁና፣ «ኧረ እባካችሁ፣ እኅቶቼ! ሰው ታሞ...» ማለት ስጀምር የሸሚዜ እጅጌ ተጎተተ። ዞር አልኩ። ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ተው፣ ጌትነት» አሉኝ። «እየሰማሁ ነው።»